የስፌት መኪና ዘይት

ፈረንጆቹ ብስክሌታቸውን በካርቶን ጠቅልለው ከነሻንጣቸው መጡ። እረፍታቸውን እኛ አገር ዳገት ላይ ሊጨርሱ! ሰው ለመዝናናት ብሎ እንዲህ ይላባል? ቢሆንም ሳያቸው ከደስታዬ ብዛት መቆሚያ አጣሁ። የቱሪዝም ዲፕሎማዬን ይዤ ሆሳዕና ውስጥ አላፊ አግዳሚውን ባጃጅ ስቆጥር ነው የኖርኩት። ይህ ጉዞ ካማረ በየዓመቱ ሌላ ቡድን እንልካለን፣ አስጎብኚው አንተ ነህ ብለውኛል። ካላማረ የሚቀረኝ ደላላው ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ በዚያው ደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቶ፣ ማላዊ ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አባቴ እኔም እንዳልከተለው ጌታን ሲለምን ውሎ ሲለምን ያድራል።

ገና ከጅምሩ ነገሩ አላማረኝም። ሆሳዕና ሳንደርስ ፎንቆ ከተማ ላይ የቡድኑ መሪ ብስክሌት ጎማ ተነፈሰ። ይዘውት የመጡት መንፊያ መንገድ ላይ ተሰብሯል፤ የጎማ ጠጋኙ መንፊያ ደግሞ አልገጥም አለ። ገበያተኛው ከቦን ሁሉም የየራሱን ምክር ያዘንባል። አንዱማ "በአፍህ ንፋው!" አይለኝ መሰላችሁ? በንዴት ጨስኩ። መጨረሻው ብስክሌቱን ሻንጣቸውን የያዘው ሚኒባስ ላይ ጭኖ ሆሳዕና መግባት ሆነ። እዚያ አንድ ጋራዥ በስንት ብልሃት ነፋልን።

ፔንሲዮኑ ብስክሌት ማሳደሪያ ስላልነበረው እኛ ግቢ አሳደርናቸው። ጠዋት ልወስዳቸው ስወጣ ሁሉም ታጥበው፣ ተወልውለው ያበራሉ። ልብስ ሰፊው አባቴ የስፌት መኪናውን ዘይት ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

"የእንግዳ ፈረስ ሳይታጠብ፣ ሳይበላ ያድራል እንዴ? ብረት የሆነውን ሁሉ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። አሁን እንደ ቅቤ ነው የሚሄዱት" አለኝ።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡለት። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሴትዮ፣ እጁን ጨብጠው አልለቅም አሉ። እኔም ኮራሁ።

ወደ ዳምቦያ ጉዞ ጀመርን። ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ከፊት ያሉት ጮኹ። ፍሬን የለም! የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሃል ያለችውን ክብ ስስ ብረት ነው፤ አባቴ ለካ እሷንም ዘይት አጠጥቷታል። ሌሎቹ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ እንደምንም ቆሙ። ሴትዮዋ አልቻሉም። የእንሰት ማሳ አጥር ጥሰው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ ስደርስ ክንዳቸው ያለ ቦታው ታጥፏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

መሪው ብረቷን በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ሆስፒታል ተቀምጠን ሳለ ጉዞው እንደተቋረጠ፣ ሌላ ቡድንም እንደማይመጣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሴትዮዋ በደህናው እጃቸው ጠሩኝ።

"አባትህ እንዳይሰማ። በፍቅር ነው ያደረገው" አሉኝ።

ውጭ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

"እህ፣ ብስክሌቶቹስ?"

"እንደ ቅቤ ነው የሄዱት አባዬ።"

"ብዬህ የለ!" ብሎ ሳቀ። ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ደላላው ቀን ቆርጦልኛል። ለአባቴ ግን ፈረንጆቹ አዲስ አበባ ሥራ ሰጡኝ ነው ያልኩት። ለአስጎብኚ የሚሆን ጃኬት እየሰፋልኝ ነው፤ የመኪናው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል። ጌታ ልመናዬን ሰማኝ እያለ ለጎረቤት ሁሉ አውርቷል። ቅድም ልኬን ሊወስድ ጠርቶኝ ነበር፤ ሜትሩን ትከሻዬ ላይ እንደዘረጋ፦

"አዲስ ጠርሙስ ዘይት ገዝቻለሁ። በሚቀጥለው ሲመጡም እኛ ጋ ነው የሚያሳድሩት፣ ንገራቸው" አለኝ።

"እሺ አባዬ" አልኩት።