እርስ በርስ ዋስ የሆኑት

ነቀምቴ አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት፣ የመጀመሪያ ሥራዬ አለቃዬ አቶ ገመቹ የረሱትን የይለፍ ቃል መፈለግ ነበር። ኪቦርዱ ሥር ተለጥፎ አገኘሁት። እሳቸውም ጎበዝ ሠራተኛ መቅጠራቸውን ለጎረቤት ቢሮ ተናገሩ።

ከሲሬ፣ ከአኖና ከቢላ የሚመጣውን የምርጥ ዘር ጠያቂዎች መዝገብ አጸዳለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ገበሬ ከነተያያዥ መረጃው በተራ ጽፎ አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ ፋይሉም ወደ ዘር ማከፋፈያው ይላካል። በዕድሜ ቦታ «ጎልማሳ»፣ በስልክ ቦታ «ልጁ አለው» ተብሎ ይመጣል። ይህ ቀላሉ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ የሲሬው ፋይል አልወጣም አለ። ሳጣራ ችግሩ ዋስ ላይ ነው። ማንኛውም ገበሬ ዘሩን ሳይሸጥ እንደሚዘራ የሚመሰክርለት ዋስ ይጠራል። ከወሎ መጥተው የሰፈሩት የአቶ ይመር ዋስ ጎረቤታቸው ኦቦ ፉፋ ናቸው፤ የኦቦ ፉፋ ዋስ ደግሞ አቶ ይመር። ፕሮግራሙ ይመርን ሲጽፍ የዋሱን መረጃ ለማስገባት ፉፋን ይጠራል፣ ፉፋን ሲጽፍ መልሶ ይመርን፤ እንዲህ ሲዞር ይውልና ይቆማል።

አቶ ገመቹ ሪፖርታቸው በዚያው ቀን እንዲሄድ ስለፈለጉ የአንዱን ዋስ ቁረጪው አሉኝ። የማንን ብላቸው፣ የማንም ይሁን አሉ። የተማርኩት እኔም የይመርን ዋስ ባዶ አደረግኩት፤ ያውም ዋናው መዝገብ ላይ። ፋይሉ ወጣ። ተመሰገንኩ።

ከሳምንት በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቢሮ መጡ። ማከፋፈያው አቶ ይመርን ዋስ የለህም ብሎ መልሷቸዋል። ዝናቡ ጥሏል፤ ማሳቸው ታርሶ ባዶውን ተቀምጧል። አቶ ገመቹ ሲስተሙ የማያውቀው ዋስ ተቀባይነት እንደሌለው፣ ዋሱ ፊታቸው ቆሞ፣ በሰፊው አስረዱ። ኦቦ ፉፋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ይኸው አጠገቡ ቆሜያለሁ። እሱ ዋስ ከሌለው እኔም የለኝም። የእኔንም ሰርዢው።»

ኦቦ ፉፋ የራሳቸውንም ድርሻ ሳይወስዱ ነበር የመጡት። አፈርኩ። አቶ ገመቹን ያስጨነቃቸው ግን ከሪፖርቱ የሚጎድለው ሁለተኛ ሰው ነበር።

የይመርን ዋስ መዝገቡ ላይ መለስኩና፣ ፕሮግራሙ በዋስ ቦታ የሰውየውን ሙሉ መረጃ ትቶ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ እንዲጽፍ አደረግኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሁለቱም ዘራቸውን ወሰዱ፤ ግን ዘግይተው ስለዘሩ የዚያ ዓመት በቆሏቸው ቀጭጮ ቀረ።

አዲስ ለሚቀጠሩ የምነግራቸው ይህን ነው። ዋናውን መዝገብ አትንኩ፣ ቅጂው ላይ ሥሩ። የቆረጣችሁትንም ሰው ስሙን ጽፋችሁ፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት፣ እሱኑ ጠይቁት።