ቆቋና የልጄ ሸሚዞች

ሱሉልታ ላይ በልግ ሲገባ ቆቆች ከጥሻው ወጥተው ከቤቴ ጀርባ ያለው የገብስ ማሳ ላይ ይሰማራሉ። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት እናት ቆቅ ሰባት ጫጩቶች አስከትላ መጣች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከልጄ ሸሚዞች ድሪቶ እየሰፋሁ አያታለሁ።

ልጄ ሆለታ አበባ እርሻ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። በዚያው ቀረ። ያልጠየቅኩት ጣቢያ፣ ያልረገጥኩት ሆስፒታል የለም። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። የእድር ሴቶች መጀመሪያ አብረውኝ አለቀሱ፤ ቆይተው ግን «ቁርጥሽን እወቂ፤ ፍታት ይደረግለት፣ ልብሱንም ለነዳያን ስጪ» ይሉኝ ጀመር። ለነዳያን የሚሰጠው የሞተ ሰው ልብስ ነው። ተቆጥቼ ሸኘኋቸው።

ግን ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የልጄ ጠረን እየሳሳ ሄደ። ብልም ገባበት። ብል ከሚበላው እኔ ልሙቀው ብዬ መቀስ አነሳሁ። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም።

ቆቋ በየሳምንቱ ጫጩት ይጎድልባታል። ሰባቱ አምስት፣ ከዚያ ሦስት ሆኑ። ጭልፊት ይሁን ሸለምጥማጥ እንጃ። እሷ እቴ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አፈሩን መጫር ነው። ጠላኋት። አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩባት፤ ከዚያ እየተነፋረቅኩ በባዶ እግሬ ጫማዬን ፍለጋ ጭቃ ውስጥ ገባሁ።

ማሳው የጎረቤቴ ነው፤ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ስለ ልጄ መጠየቅ ያላቆሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብለው «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? ልጁ ደወለ?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ አባባ።»

«ይደውላል» ብለው ይሄዳሉ። ቀኑን ገፍቼ የማመሸው በዚያች ቃል ነበር።

ድሪቶው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኚሁ ጎረቤቴ ወደ በረንዳው መጡ። ቆቆቹ ዘሩን እየጫሩ ስላስቸገሯቸው፣ በእኔ ጓሮ በኩል ወጥመድ ለማጥመድ ሊያስፈቅዱኝ ነው። ንግግራቸውን ጀምረው አቋረጡት። ጭኔ ላይ የተዘረጋውን ድሪቶ እያዩ ነበር። መስመር ያለበትን ሰማያዊ ሸሚዝ አወቁት፤ ልጄ እሱን ለብሶ አጨዳ ያግዛቸው ነበር። ኪሱ ከነቁልፉ አለ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «መርዶው መቼ መጣ?» አሉኝ። «ጎረቤትሽ ሆኜ ለቅሶ ሳልደርስሽ? ምነው ሰው እንኳ ብትልኪብኝ?»

መርዶ አልመጣም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ልጄ ይመጣል የምትል እናት ሸሚዙን ምን ብላ ቀደደችው? ሲመጣ ምን ሊለብስ? አንዲት እንኳ አላስቀረሁለትም። የእድር ሴቶች ለምነው ያቃታቸውን እኔ ራሴ በመቀስ ጨርሼዋለሁ። እንደዚያች ሰዓት ጨልሞብኝ አያውቅም።

ሽማግሌው አጠገቤ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ።

አፌ ለምዶበት «አሜን» አለ።