ለካሜራ የቀረበ ምሳ

የእስር ቤቱ በር ከኋላዬ ሲቆለፍ ቀድሞ የተቀበለኝ የእርጥብ ድሪቶ ሽታ ነበር። የክፍላችን አባት የሚባሉ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ጥፋትህ ምንድን ነው አላሉኝም። "እራት በልተሃል?" ነው ያሉኝ።

ከዚያ በኋላ ረሃብን ተማርኩ። የእስር ቤቱ አዛዥ በሆነ ባልሆነው ተቆጥቶ ከየቤታችን የሚመጣውን ስንቅ ስለከለከለ፣ የምንበላው ደረቅ ዳቦ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዲስ ብርድ ልብስ ታደለን። የክልሉ ቴሌቪዥን ሊቀርጸን ነው ተባለ። ከመካከላችን እግሩን ተገርፎ መቆም ያቃተውን መምህር ግን ተሸክመው ወስደው መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ለካሜራ አያምርማ!

ጋዜጠኛው ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ። ካሜራው ሲበራ መሐረቡን ኪሱ ከትቶ ፈገግ አለ። ገና ሳየው ናቅሁት። ሥጋ ወጥ የፈሰሰበት ትልቅ ትሪ መጣና ዙሪያውን ተቀመጥን፤ የመምህሩን ቦታ ክፍት ተውንለት።

"ደስ ብሏችሁ ብሉ፤ ከነገ ጀምሮ ስንቃችሁ ይገባል" አለ አዛዡ።

ሆዴ ጮኸ። ግን እንደ ሁልጊዜው ሁላችንም ወደ ሽማግሌው አየን። እሳቸው ሳይባርኩ ክፍላችን ውስጥ ተቆርሶ አያውቅም።

"አባት፣ ይባርኩ እንጂ!" አለ ጋዜጠኛው።

"ሰው ይቀረናል።"

"እሱ ታሟል" አለ አዛዡ።

"እንግዲያው እስኪሻለው እንጠብቀዋለን።"

ወጡ ቀዝቅዞ ረጋ። እጁን የሰደደ አልነበረም። ጋዜጠኛው ሰዓቱን አየና፣ "ግድ የለም፣ በድምፅ እንሸፍነዋለን" አለ። የተማረው ሙያ ይህችው ነበረች።

ትሪው እንደመጣ ተመለሰ። ብርድ ልብሱም ተሰበሰበ፤ ስንቁም እንደተከለከለ ቀረ። ማምሻውን መምህሩን አምጥተው ወረወሩልን። ሽማግሌው ደረቁን ዳቦ ባርከው የመጀመሪያውን ቁራሽ እሱን አጎረሱት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ የምሠራበት ካዚኖ ተዘግቶ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ ተኮልኩለን ሳለን፣ አንድ ዘመድ ያንን ዜና ከኢንተርኔት አግኝቶ ላከልኝ። ከልጄ ጋር ከፈትነው።

"እስረኞቹ በተሟላ እንክብካቤ፣ በደስታ በመመገብ ላይ ይገኛሉ" ይላል ያ የለሰለሰ ድምፅ። ምስሉ ላይ አንድም እጅ አይንቀሳቀስም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል! ያን ሁሉ ዓመት ስጠየፈው የኖርኩት ሰው በመጨረሻ አሳቀኝ።

ልጄ ግን አልሳቀችም።

"ዳዲ፣ ዌይት፣ ፖዝ ላድርገው። ማንም እኮ አይበላም። ምግቡ መጥፎ ነው?"

"ምግቡስ ደህና ነበር።"

"ታዲያ ለምን አትበሉም?"

ትሪው ዳር ክፍት የተተወውን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

"ሰው እየጠበቅን ነው" አልኳት።