ወረቀቱ እስኪጸድቅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ማርክ ቀይ ጓጉንቸር ቁልፍ ሰጠኝ። «ዕቃ የሚያመላልሰው ኮንቬየር ውስጥ እጅህን ከመክተትህ በፊት ኃይሉን አጥፋና በዚህ ቆልፍ። የቆለፈው ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው» አለኝ። ጊዜው 2020 ነው፤ ኮሮና ሰውን ቤት ዘግቶበት እኛ መጋዘን ግን ዕቃ መላክ አላቆመም። በወረቀት ኮንትሮልስ ኢንጂነር፣ የማሽን መቆጣጠሪያ መሐንዲስ፣ እባላለሁ። ግማሹን ቀን ቤልት ሥር በደረቴ ተኝቼ ሴንሰር ስቀይር ነበር የምውለው።

የምሠራው ማስተርሴን ስጨርስ ባገኘሁት የተማሪ ፈቃድ ነበር። እሱ ሳያልቅ በዕጣ ወደሚሰጠው የሥራ ቪዛ፣ ወደ ኤች ዋን ቢ፣ መቀየር አለብኝ፤ ድርጅቱ ለግሪን ካርድ የሚያመለክትልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፎርክሊፍት የሚነዱት ጋሼ ሰይድ፣ ደሴ የሰፈራችን ሰው፣ ይስቁብኝ ነበር።

«እኔ አሥራ ሁለተኛን በግድ ጨርሼ ዲቪ አስገባኝ። አንተ ማስተርስ ተሸክመህ ዕጣ ትጠብቃለህ? አይ ትምህርት!»

በ2021 ዕጣው ወጣልኝና ማመልከቻው ገባ። የድርጅቱ ጠበቃ ኮል አደረገችልኝ። «ሳይጸድቅ ከአገር ከወጣህ ከተማሪ ወደ ሠራተኛ የስቴተስ ለውጡ ይቀራል። ቪዛ ከኤምባሲ መጠየቅ ይኖርብሃል፤ በኮሮና ምክንያት ቀጠሮ መቼ እንደሚሰጡ አላውቅም» አለች። ያለችው ይኸው ብቻ ነው። እኔ ግን ችኩል ነኝ፤ ደሴ ላለችው እህቴ ለዘይነብ «ከወጣሁ አለቀልኝ! ወረቀቱ እስኪጸድቅ ምንም ቢፈጠር ንቅንቅ አልልም» አልኳት።

«እሺ፣ ገብቶኛል» አለች።

እማዬ ጋ በየጁምዓው እደውል ነበር። ከረመዳን በኋላ ግን ጠፋችብኝ። ዘይነብ አንዴ «ጉሮሮዋን አሟታል»፣ አንዴ «ገጠር አክስታችን ጋ ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም» ትለኛለች። «አንድ ስልክ ማገናኘት ያቅትሻል?» ብዬ ጮህኩባት። ወላሂ፣ የእማዬ ቁጣ ሳይቀር ናፈቀኝ። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የድሮ የድምፅ መልእክቷን እከፍታለሁ። «በላህ? ያ ማሽን እጅህን እንዳይዝብህ» ትላለች።

ነሐሴ ላይ ጸደቀ። የወረቀቱን ፎቶ ለዘይነብ ላክሁላት። ጮቤ ትረግጣለች ስል «አልሐምዱሊላህ። ከእንግዲህ አይሰረዝም?» ብላ ጻፈችልኝ።

«አይሰረዝም» አልኳት።

በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሬይኖልድስበርግ ከተማ ያለው አፓርታማዬ በር ተንኳኳ። ጋሼ ሰይድ ከሦስት የመስጊድ ሰዎች ጋር ቆመዋል። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ።»

እማዬ ከሞተች ሦስት ወር አልፏት ኖሯል። ጋሼ ሰይድ ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ምሳ አብረውኝ ይበሉ ነበር። «እህትህ ለመነችኝ። ይሄን ሁሉ ለፍቶ፣ ለቀብር ብሎ ወጥቶ እንዳይቀር አለች» አሉና እሳቸውም አለቀሱ።

ዘይነብን ልቆጣት ደወልኩ፤ አቃተኝ። ያደረገችው ያልኳትን ነው።

በ2022 ድርጅቱ ግሪን ካርዱን ጀመረልኝ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። በቪዛ ለምትሠሩ ልጆች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጠበቃ ያለችውን ለቤተሰብ ስትነግሩ አትጨምሩበት፤ ሞት ቢመጣም እንዲነግሯችሁ አስቀድማችሁ አስምሏቸው። እኔ መሄድ ባልችል እንኳ ማልቀስ እችል ነበር።