ከአባቴ እግር ሥር የሚወጣው ሙቀት

አባቴ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ንፋስ ነው። በመጋቢት ቀትር፣ ሐዋሳ ላይ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሰዓት፣ የመኪናውን መስኮት ትንሽ ዝቅ ካደረግኩት «ዝጊው ልጄ፣ ጎኔን ይመታኛል» ይላሉ። ያውም ጋቢ ጉልበታቸው ላይ ደርበው። እኔ አጠገባቸው መሪ ይዤ እንደ ድንች እቀቀላለሁ። በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ጣት በምታህል ከፍቼ፣ እንዳያዩብኝ በክርኔ እሸፍነዋለሁ።

መኪናዋ የእሳቸው ናት። ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው የገዟት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አራት ልጅ ያለው ሰው ሁለት ወንበር መግዛቱ ምን የሚሉት ብልሃት ነው» እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ተብከንክናለች። የአባቴ ዓይን ሲደክም መሪው ወደ እኔ ዞረ። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ክፍል የለኝም። በእነዚያ ሁለት ቀናት የታመሙትን እህታቸውን ልንጠይቅ ሻሸመኔ ደርሰን እንመለሳለን።

ሙቀቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ እግሬን ሞቅ አለኝ፤ ከወር በኋላ የጫማዬ ሶል ማስቲሹ ቀልጦ ተላቀቀ። «አባባ፣ ጋራዥ ትግባ» ስላቸው «ተያት። ለቁርጥማቴ ፍቱን ናት» አሉኝ። ሙቀቱ ይበልጥ በርትቶ ከሚወጣበት፣ በእሳቸው በኩል ካለው ወለል ላይ እግራቸውን አደላድለው ያስቀምጣሉ። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች።

ተደብቄ ሰፈራችን ወዳለ አንድ መካኒክ ወሰድኳት። የማሞቂያውን የውኃ ቱቦ ቆርጦ ዘጋና «አሁን ፍሪጅ ትሆናለች» አለኝ። ምንም አልሆነችም። ሁለተኛ ስሄድ ወለሉ ላይ ስፖንጅና ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈበት። ሦስተኛ ስሄድ ግን «ቲቸር፣ ይሄ የሐዋሳ ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ እኔ አልጠግንም» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ፤ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ መዘባረቅ ጀመሩ። ከሻሸመኔ ተመልሰን ራት ስናቀርብ፣ ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ነገ ቢሮ ስብሰባ አለብኝ ይላሉ። ሌላ ቀን የራሳቸው መኝታ ክፍል የት እንደሆነ ጠፋቸው። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የዕድሜ ጉዳይ ነው አለ፤ እኔም ስለ መኪናዋ ምን ብዬ ልንገረው፣ በሐሳቤም አልመጣ። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ቆረጠው። «በቃ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ይኖራሉ። ዓርብ መጥቼ ቅዳሜ እወስዳቸዋለሁ።» አርባ ዓመት የኖሩበትን ከተማ በአንድ ቅዳሜ ሊያስለቅቃቸው ነው። ብከራከረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አባቴ ግን አልተከራከሩም። «አእምሮዬ ከሄደ እኔ የትም ብቀመጥ ምን ለውጥ አለው» አሉ፤ ይህን ያሉት ደህና በሆኑበት ቀን ነው።

ረቡዕ እህታቸውን ልንሰናበት ሄድን። ስንመለስ ሐዋሳ መግቢያ፣ ጥቁር ውኃ አካባቢ መንገዱ በጭነት መኪና ተዘጋ። ቆመናል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ የአባቴ መስኮት ዝግ ነው። እኔንም ራሴን ሲወቅረኝ ነበር፤ የተማሪ ጩኸት ነው ብዬዋለሁ። አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ መልስ የለም። ዞር ስል ጭንቅላታቸው መስታወቱ ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ተከፍቷል።

«አባባ። አባባ፣ ይስሙኝ።»

እንዴት ከመንገዱ እንደወጣሁ አላውቅም። ከኋላ ጥሩምባው ይጮሃል። በሩን ከፍቼ በብብታቸው ሥር እጄን አስገብቼ ስጎትታቸው አንድ ባጃጅ ነጂ አይቶ ሮጦ መጣ፤ ለሁለት ሣሩ ላይ አስቀመጥናቸው። አስመለሳቸው። ውኃ ፊታቸው ላይ ረጨን። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትንሽ ሲነፍስባቸው ግን ነፍስ ዘሩ፤ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» ብለው ተቆጡኝ። ለወንድሜ አልነገርኩትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አውቄ ደበቅኩ። ብነግረው ቅዳሜንም ሳይጠብቅ ይወስዳቸዋል።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት አስፈቀድኩና እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ መኪናዋን ከባህል አዳራሽ ጀርባ ወዳለ ጋራዥ ነዳኋት። በማን እንደተናደድኩ እንጃ፤ ብቻ በአንድ ነገር ላይ መጮህ ፈልጌያለሁ። የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ቃል አያባክኑም። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ሞተሩን አስነሺ» አሉኝ። በሩንም መስኮቱንም ዘግተው አባቴ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ እያሳሉ ወጡ። ሞተሩን አስጠፍተው ምንጣፉንና ስፖንጁን ገለበጡት። ሥሩ ጥላሸት ለብሷል። ወለሉ ላይ፣ መድፈኛ ጎማው ተበልቶ ያለቀበት ቀዳዳ ይታያል፤ በቀዳዳው ቁልቁል ሲታይ ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ቱቦ ተሰንጥቋል።

«እዚህ የሚቀመጠው ማን ነው?» አሉኝ።

«አባቴ።»

«መስኮት ይከፍታሉ?»

«ኧረ አይከፍቱም። ንፋስ ይመታኛል ይላሉ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ልጄ፣ ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂ የለ? እሱ ነው። ሙቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ ጭሱ ነው ይዞት የመጣው።»

ክው አልኩ። ረቡዕና ቅዳሜ። ሁሉም መዘባረቅ ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ አባቴ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ፣ የጎረቤት ልጆችን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። እኔ ተማሪን ሁሉ ቁጥር አስተውል እያልኩ የምቆጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ሁለት ቀን መቁጠር አቃተኝ። በየሳምንቱ ሁለቴ በገዛ እጄ ሳጨሳቸው ከረምኩ። የከሰልን ነገር እኛ ቤት የማያውቅ የለም፤ በር ሳይከፈት ከሰል አይገባም። መኪና ውስጥ ግን ንፋሱን ብቻ ፈራን።

በያጅ ተጠርቶ ቱቦው ተበየደ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀየረ፣ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተደፈነ። ከሰዓት በኋላ የመኪናዋን ሁለት መስኮቶች ከፍቼ፣ ጥላሸት የለበሰውን ምንጣፍ አጠገቤ አድርጌ ወደ ቤት በረርኩ።

ወንድሜ ቀድሞኝ ደርሷል። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጉዞው ነገ ሆኖ ሳለ። ምንጣፉን ወንድሜ ፊት ዘረጋሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ የረቡዕንም ጭምር።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ ወንድሜ።

«ዛሬ ዓርብ ነው። የፈለግከውን ጠይቃቸው።»

አልጠየቃቸውም። አባቴ ጎንበስ ብለው ጥላሸቱን በጣታቸው ነኩት፣ አዩት። «ታዲያ አላረጀሁም?» አሉኝ።

«አርጅተዋል አባባ። አእምሮዎ ግን አልሄደም።»

እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። በዚያ በሚያምር የቢሮ ጽሕፈታቸው ስማቸው፣ ሰፈራችን፣ ስልኬ ተጽፏል። ከታች ደግሞ፣ «የምትነዳው ልጄ ናት። ወደ ቤት ነው የምትወስደኝ» ይላል።

«መንገድ ላይ ግራ ሲገባኝ አውጥቼ አነበው ነበር» አሉ። «ልቅደደው?»

ወንድሜ ሻንጣውን ከእግራቸው ሥር አንሥቶ ወደ መኝታ ክፍላቸው መለሰው። እኔ ወረቀቷን እንደ ነበረች አጥፌ መለስኩላቸው። አባቴ ግን እጃቸው ላይ ይዘዋት መልሴን ይጠብቁ ነበር።