የራሴ ፈጠራ

አዲስ ነገር መሥራትንም ውሸት መፈብረክንም በአንድ ቃል፣ "ፈጠራ" ብሎ የሚጠራ ቢሮ ውስጥ ሠርቼ አውቃለሁ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልወደውም። ቢሮውንማ ተዉት።

ጅጅጋ ነው፣ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ። ከመሀል አገር ተመድቤ መጥቼ በአንድ የውኃ መሥሪያ ቤት የእጅ ፓምፕ እጠግናለሁ። ፓምፖቹን የሚገድላቸው ጎሚኒ ነበር፤ ውስጥ ገብቶ ውኃውን የሚስበው ክብ ጎማ። አሸዋው በልቶ ይጨርሰዋል። መለዋወጫ ስንጠይቅ "በግዥ ሂደት ላይ ነው" የሚል ደብዳቤ ይመጣልናል፤ ደብዳቤ ደግሞ ውኃ አይስብም። ጄሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች የሚራገሙት እኔን ነው። ሶማልኛዬ ደካማ ቢሆንም እርግማን ለመለየት አያንስም ነበር።

የግቢያችን ዘበኛ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም "አደር" እንላቸዋለን፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አንድ ቀን የተበላ ጎሚኒ እጄ ላይ አይተው ሳቁ።

"ይሄ ነው የቸገረህ? ወዳን አታውቅም እንዴ?"

ወዳን ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዱበት የቆዳ ባልዲ ነው። የግመል ቆዳ በሞራ እንዴት እንደሚታሽ፣ ከየትኛው ወገን እንደሚቆረጥ ቁጭ ብለው አሳዩኝ። እኔ ልኩን ወስጄ ድርብ አድርጌ ቆረጥኩ፣ መሀሉ ላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ካላማዳሪ ከተትኩበት። ፓምፑ ሠራ። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ፓምፑ ይሠራል። ሌሎቹንም እንዲሁ ጠገንኩና ለአለቆቼ ሪፖርት አደረግኩ።

ያን ሰሞን መንግሥት ፈጠራ ያላቸውን ሠራተኞች እንደሚያበረታታ የሚገልጽ ሰርኩላር ደረሰን። ስሜ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት አማረኝ። አልዋሽም፣ በጣም አማረኝ። ሁለት ገጽ ጽፌ፣ የቆዳውን ጎሚኒ ሥዕል አያይዤ፣ መጨረሻው ላይ እንዲህ ብዬ ፈረምኩ፦ "በሪፖርቴ ያለ መለዋወጫ ተጠገኑ ያልኩት ሁሉ የራሴ ፈጠራ ነው።"

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ያዘ።

"ጓድ፣ ፊርማው ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"እንግዲህ ሪፖርቱ ፈጠራ መሆኑን በገዛ እጁ አምኗል።"

ሰዉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ፓምፑ እኮ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት ብዬ ጮህኩ። "እኛ የምናየው ሰነድ ነው" አለኝ፣ ያ ደረቅ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ።

ከወራት በኋላ ሌላ ሰርኩላር መጣ። "በመሥሪያ ቤቱ የጋራ ጥረት የተገኘ የአሠራር ዘዴ" ይላል፤ እስከ ኤረር ድረስ እንዲሠራበት ታዟል። የተያያዘው ሥዕል የእኔ ነው። ጥግ ላይ ያለችው የእርሳስ እድፍ እንኳ የእኔ ናት። በእኔ ስም ሲሆን ውሸት፣ በእነሱ ስም ሲሆን ዘዴ! ቀን ከሌት የሌባ ጣታቸውን በሕዝብ ጠላት ላይ የሚቀስሩ ሌቦች!

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዘበኛው ቤት ሮጥኩ። የአፌን ሁሉ ተናገርኩ። አደር ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት።

"ስማችን የቱ ጋ ነው?" አሉኝ።

"የለም፣ አደር። ሰርቀውናል።"

"አንተ መጀመሪያ በጻፍከው ላይስ? የእኔ ስም ነበረበት?"

በሁለቱ ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ አልጠቀስኳቸውም ነበር። የግመሉን ቆዳ ጽፌያለሁ፣ ሞራውን ጽፌያለሁ፤ እሳቸውን ግን አልጻፍኩም።

"ነበረበት፣ አደር" አልኳቸው።

ደስ አላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያቺ ግን ያለ ማንም እገዛ የራሴ ፈጠራ ነበረች።