የቆረበ ሰው ጥርስ

ጥርሴ የታመመ ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሰቆጣ ከተማ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩም ሃያ ዓመት አልፎኛል። የታመመው በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው የመንጋጋ ጥርሴ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ብቻ ያመኝ ነበር፤ ቆይቶ ያለ ውሃም ያመኝ ጀመር። በመጨረሻ ጉንጬ አበጠና ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ተማሪዎቼ ይሳሳቁብኝ ጀመር።

የጥርስ ሐኪሟ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። አፌን በባትሪ አየችና፣ "መምህር፣ ይኼ መነቀል አለበት። መግሉ ወደ አጥንትዎ ከወረደ እዚህ አንችለውም፤ ሕይወትም ያሰጋል" አለችኝ። የአምስት ቀን መድኃኒት ሰጥታ ቀጠረችኝ። በቀጠሮዬ ቀን ፈተና ማረም ነበረብኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ጽጽቃ ድረስ ለቅሶ ሄድኩ። ሟቹን በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ባየው ነው።

ፍርሃቱ የልጅነት ነው። ባደግኩበት በፃግብጂ ጥርስ የሚነቅለው ጎረቤታችን የነበረ አናጢ ነበር፤ ሚስማር የሚነቅልበት ጉጠትና ጥርስ የሚነቅልበት ጉጠት አንድ ነው። የሰዎቹን ጩኸት ከአጥር ማዶ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በቤታችን ደፋሩ እኔ ነኝ። ልጆቼ መርፌ አይተው ሲያለቅሱ "ምኑ ነው የሚያስፈራው?" የምለው እኔ ነኝ። ሚስቴ ለክትባት ፊቷን አዙራ ስትቀመጥ አይቼ ለጎረቤት ሁሉ እያወራሁ ስቄባታለሁ።

ስለዚህ መላውን የጠየቅኩት "ለአንድ ወዳጄ ነው" እያልኩ ነው። መላ ደግሞ በሰቆጣ ሞልቷል። የባዮሎጂው መምህር በአፍንጫ ስቦ ቀስ እያሉ መተንፈስ ልብን ያረጋጋል አለኝ። ጎረቤታችን ዳማከሴ አሽተህ አሽትተው፣ ቅርንፉድም ጥርስህ ላይ ያዝ አለችኝ፤ ወዳጄ የተባለው ማን እንደሆነ ገብቷታል መሰለኝ። ሌላው በባዶ ሆድ መሄድ ፍርሃት ያባብሳል፣ ቁርስ በልተህ በባጃጅ ሳይሆን በእግርህ ሂድ አለ። ሁሉንም ሞከርኳቸው። በእግር መሄዱማ በጣም ጠቀመኝ፤ ክሊኒኩን አሳልፎ ከከተማው ዳር አደረሰኝ።

ሦስተኛው ቀጠሮ የወሩ ማርያም ቀን ላይ ዋለ። ዋዜማውን ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ መቁረብ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ለዓመታት ሲመክሩኝ የኖሩ ሰው ናቸውና ደስ አላቸው። በማግስቱ ከሚስቴ ጋር ቆረብን። እሷ ወደ ቤት ሄደች፤ እኔ በነጠላዬ አፌን እንደሸፈንኩ ወደ ክሊኒኩ አቀናሁ። አራት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልቤ አይመታም፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። እኔ ራሴ ተገረምኩ።

ሐኪሟ በኩባያ ውሃ አቀበለችኝና፣ "ይጉመጥመጡና እዚህ ይትፉት" አለችኝ።

"መትፋት አልችልም።"

"ለምን?"

"ቆርቤአለሁ።"

ያዘጋጀችውን የማደንዘዣ መርፌ መልሳ አስቀመጠችው። የቄስ ልጅ ናት፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በእኛ ዘንድ የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ከአፉ ደም ማፍሰስማ የማይታሰብ ነው።

"ታዲያ መምህር፣ ቀጠሮዎ ዛሬ መሆኑን እያወቁ..."

"ረሳሁት" አልኳት።

ለነገ ቀጠረችኝ። ስወጣ ፉጨት ቃጣኝ። ጥርሴ እየጠዘጠዘኝ ነው፣ መግሉም እዚያው ነው፤ እኔ ግን ፈተና እንደተሰረዘለት ተማሪ ሆኛለሁ። መንገድ ላይ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው፤ ከክሊኒኩ ስወጣ አይተውኛል።

"ዛሬ ጥርስ ልትነቀል ሄድክ እንዴ?" አሉኝ።

"አልተነቀለም አባ። ቆርቤ መሄዴን ረስቼው..."

"ልጄ፣ የቆረበ ደም እንደማያፈስ አንተ ልትረሳው? ይኸን የማያውቅ ልጅ እንኳ በዚህ አገር የለም።"

ነጠላዬን ወደ አፌ መልሼ ሳብኩ።

"ቁርባን መድኃኒት ነው፤ መደበቂያ ግን አይደለም። ፈርተህ እንደሆነ ለልጅቱ ንገራት። ለእኔም ትናንት ያልነገርከኝ ይኸን ነው" ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አፈርኩ። ረስቼው አልነበረም። ሌሊት ስነሳም፣ ስቆርብም፣ ወንበሩ ላይ ስቀመጥም አውቀው ነበር። ልቤ ያልመታው ዛሬ ማንም ጥርሴን እንደማይነካ እያወቀ ነው። ሰውን ማታለል የለመድኩት ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን እግዚአብሔርን በዘበኝነት ቀጥሬው ነበር።

በማግስቱ ቁርሴን በልቼ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ፣ "ትናንት ረስቼው አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በፊትም የቀረሁት ፈርቼ ነው" አልኳት፤ ያስተማርኳትን ልጅ።

አልሳቀችም። "ሲከብድዎ ግራ እጅዎን ያንሱ፤ ወዲያው አቆማለሁ" አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ሁለቴም መሣሪያውን አውጥታ ጠበቀችኝ፤ እኔም በአፍንጫዬ ስቤ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ያ ምክር ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለኝ ነበር። አሁን ሠራ፤ ፍርሃቴን ደብቄ መያዝ ስለቀረልኝ ይመስለኛል። ለሦስተኛ ጊዜ እጄን ላነሳ ስል ጥርሱ ሳህኑ ላይ ተቀምጧል።

ቤት ስገባ ጥጥ ነክሼ ነበር። ሚስቴ ጉንጬን አየችና፣ "ፈራህ እንዴ?" አለችኝ። የምትጠብቀውን መልስ አውቀዋለሁ።

"አዎ" አልኳት በጥጡ መሃል። "በጣም ፈራሁ።"

የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። አጠገቤ ተቀመጠችና ጉንጯን በጣቷ ስባ አፏን ከፈተችልኝ። ከኋላ በኩል አንዱ መንጋጋዋ ተሰብሮ ጠቁሯል፤ ድዱም አብጧል። በየቀኑ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ በአንድ ወገን ብቻ እንደምታኝክ አላየሁም።

"ሁለት ዓመት ሆነው" አለችኝ። "ትስቅብኛለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"